«ምንም አላመመኝም፤ ታዲያ ለምን ልመርመር?» ስለ ማህፀን በር ካንሰር



ዛሬ የምናወራው ስለ ማህፀን በር ካንሰር ነው። ካንሰር የሚለውን ቃል ስታዩ «ኧረ ይቅርብን» ብላችሁ ልታልፉ ያሰባችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ይሄኛው ከሌሎቹ ካንሰሮች ይለያል። መንስኤው በትክክል ይታወቃል፣ ክትባት አለው፣ ካንሰር ከመሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት ደግሞ በዓይን ታይቶ ሊወገድ ይችላል። ይሄ ሁሉ እያለ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ነው።

«ዶክተር፣ እኔ ምንም አላመመኝም። ታዲያ ለምን ልመርመር?» ይሄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው። የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኛ ሐኪም ቤት የምንሄደው ሲያመን ነው። ሳይታመሙ መሄድ ለብዙዎቻችን በሽታ መጥራት ይመስለናል። የታክሲው፣ የወረፋው፣ ከሥራ የሚቀረው ቀን፣ ቤት የሚተወው ሕፃን ሁሉ ሂሳብ አለው። መልሴ ግን አጭር ነው፦ መመርመር ያለብሽ ስላላመመሽ ነው። ካመመሽ በኋላማ ምርመራውም ሌላ፣ ሕክምናውም ሌላ፣ የምንነግርሽም ዜና ሌላ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። የማህፀን በር ማለት የማህፀን የታችኛው አንገት ነው፤ በምጥ ጊዜ «ስንት ሴንቲ ሜትር ከፈተ?» የሚባለው እሱ ነው። ካንሰሩን የሚያመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። የሰውነት መከላከያዋ ደህና በሆነ ሴት፣ ቫይረሱ ከገባበት ጊዜ አንስቶ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። እስቲ አስቡት። በ20 ዓመቷ ቫይረሱ የያዛት ልጅ ካንሰሩ የሚገለጥባት ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ምናልባትም የመጀመሪያ ልጇን ለመዳር ሽር ጉድ ስትል ነው። በመሃል ባሉት ዓመታት ሴሎቹ ቀስ እያሉ ይለወጣሉ፤ እሷን ግን አያማትም፣ አያተኩሳትም፣ አያከሳትም። ሐኪም የሆነ ሰው ሁሉ የሚመኘው እንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ የሚሰጥ በሽታ ነው። ችግሩ ያንን ጊዜ ዝም ብለን ማሳለፋችን ነው።

ስለ ቫይረሱ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይታመሳል። ኤችፒቪ ከ200 በላይ ዓይነት አለው። አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ኪንታሮት ያወጣሉ፤ ካንሰር የሚያመጡት ከአሥር በትንሹ የሚበልጡ ናቸው። ከነሱም 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻቸውን ከአሥር የማህፀን በር ካንሰር ሰባቱን ያመጣሉ። ይህንን ግንኙነት ያሳየው ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን ነው። እሱ ሥራውን ሲጀምር ሳይንቲስቶች የሚጠረጥሩት ሌላ ቫይረስ ነበር፤ ሰሚ አልነበረውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) 16ን እና 18ን ከካንሰር ናሙና ውስጥ ለይቶ አወጣ፣ በ2008 ደግሞ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ክትባቱ የተገኘው ከዚያ ሥራ ነው።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በዚያ አካባቢ በሚደረግ የቆዳ ንክኪ ነው። ኮንዶም ይቀንሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀረውም፣ ኮንዶም የማይሸፍነው ቆዳ አለና። ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ደስ የሚለው ነገር ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ሰውነታቸው ያስወግደዋል፤ መያዛቸውንም አያውቁም። ችግር የሚመጣው ሳይወጣ ለዓመታት ተደብቆ በሚቆይባቸው ጥቂቶች ላይ ነው።

ስለዚህ ውጤቷ ላይ «ኤችፒቪ አለ» የተባለች እህት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ባሌ ነው ያመጣብኝ?» ብላ ነው። ባልየውም ወረቀቱን ሲያይ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይዞራል። ቫይረሱ የዛሬ አሥር ዓመት፣ ከመጋባታችሁም በፊት ከአንዳችሁ ጋር የነበረ ሊሆን ይችላል። ማን መቼ እንዳመጣው የሚያሳይ ምርመራ የለም። አንድ ባል ብቻ የምታውቅ፣ ከቤት ወጥታ የማታውቅ ሴትም ይይዛታል። ይህንን ካንሰር «የሴሰኛ በሽታ» እያሉ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጨዋ እናቶችን አሳፍረው ከምርመራ አስቀርተዋል፤ ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 660,000 ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፣ 350,000 ያህሉ ሞተዋል። ከሞቱት 94 በመቶ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። በኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. በተሠራው ግምት በዓመት ከ7,400 በላይ ሴቶች ይያዛሉ፣ ከ5,300 በላይ ይሞታሉ። ቁጥሮቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩዋቸው። ከተያዙት ውስጥ የሚበዙት ይሞታሉ ማለት እኮ ነው። ቫይረሱ እኛ ላይ ስለጨከነ አይደለም። እኛ ጋ የሚገኘው ዘግይቶ ነው።

የሠለጠኑት አገሮች ሴቶች በምን ተረፉ? ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ፓፕ ስሚር የሚባል ምርመራ አላቸው። ከማህፀን በር ሴሎች በትንሹ ተጠርገው ይወሰዳሉ፣ መስታወት ላይ ይቀባሉ፣ ቀለም ይነከራሉ፣ በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ባለሙያ ይመለከታቸዋል። ጥሩ ምርመራ ነው። ግን ላቦራቶሪ ይፈልጋል፣ ፓቶሎጂስት ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ሴትየዋ ተመልሳ መምጣት አለባት። ከወረዳ ከተማ ሦስት ሰዓት በእግር የምትርቅ እናት «ውጤትሽ ከአንድ ወር በኋላ ይደርሳል፣ ያን ጊዜ ነይ» ብትባል የምትመጣ ይመስላችኋል? አዝመራው አለ፣ ገበያው አለ፣ ለቅሶው አለ። ውጤቷ መዝገብ ቤት ቁጭ ብሎ ይቀራል።

መፍትሔው የተገኘው ከማን ጓዳ መሰላችሁ? ሰላጣ ላይ ጠብ ከምናደርገው ከአቼቶ። እየቀለድኩ አይደለም። አቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ በትክክለኛው መጠን፣ ማለትም ከ3 እስከ 5 በመቶ ሆኖ ማህፀን በር ላይ ሲቀባና አንድ ደቂቃ ሲጠበቅ፣ መለወጥ የጀመሩ ሴሎች ያሉበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእንቁላል ነጩ ክፍል እሳት ሲነካው እንደሚነጣው ማለት ነው፤ በነዚያ ሴሎች ውስጥ ያለው ብዙ ፕሮቲን በአሲዱ ይረጋል። የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ በደህና መብራት በዓይኗ ታየዋለች። ማይክሮስኮፕ የለም፣ የወር ቀጠሮ የለም። ውጤቱ እዚያው ነው። (በነገራችን ላይ ይሄንን አንብባችሁ ቤት ውስጥ አቼቶ ለመቀባት ወይም ለመታጠብ እንዳትሞክሩ! ያቆስላል እንጂ ምንም አያክምም። ሎሚም፣ ሳሙናም፣ ጭስም እንደዚያው ናቸው።)

ይሄ ዘዴ የድሃ ማጽናኛ እንዳይመስላችሁ። ሕንድ ውስጥ በሙምባይ የድሆች ሰፈሮች ወደ 150,000 ሴቶችን ያካተተ ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ሐኪም ሳይሆን እዚያው ሰፈር የሚኖሩ፣ አሥረኛ ክፍል ያህል የተማሩና ለሳምንታት የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ በየሁለት ዓመቱ በአሲዱ የሚያዩት። ከዓመታት ክትትል በኋላ ውጤቱ በ2013 ሲገለጽ በምርመራው ሰፈሮች በማህፀን በር ካንሰር የሚሞቱት በ31 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። ጥናቱ ወቀሳም ነበረበት፤ በማነጻጸሪያነት የተያዙት ሴቶች በጥናቱ ጊዜ ትምህርት እንጂ ምርመራ አልተሰጣቸውም። ወቀሳው ተገቢ ይመስለኛል። ውጤቱ ግን ብዙ አገሮች ዘዴውን በእምነት እንዲቀበሉ አድርጓል።

ነጭ ነገር ቢታይስ? እዚህ ላይ ብዙ እህቶች ልባቸው ይወድቃል። ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። ወደፊት ካንሰር ሊሆን የሚችል ለውጥ አለ ማለት ነው፤ አንዳንዴም ተራ ቁስለት ሊሆን ይችላል። ቦታው ለሕክምናው ተስማሚ ከሆነ በዚያው ቀን ይታከማል። ቀድሞ በብዛት የነበረው በጋዝ አቀዝቅዞ ማቃጠል ነው፤ ትልልቅ የጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል፣ ጋዙ ያልቃል፣ ሲሊንደሩን ገጠር ማድረስ ራሱ አንድ ጣጣ ነው። አሁን በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ። ጫፉ እስከ 100 ዲግሪ ይሞቅና ቦታውን ለ20 ወይም ለ45 ሰከንድ ያህል ይነካል። የማህፀን በር እንደ እጃችን ቆዳ ለሙቀት ስሱ ስላልሆነ አብዛኞቹ ሴቶች የወር አበባ ቁርጠት ዓይነት ስሜት ነው የሚሰማቸው። ተነስታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ለሳምንታት ውሃ መሰል ፈሳሽ ይኖራታል፣ ለአንድ ወር ያህል ከግንኙነት ትታቀባለች፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሳ ትታያለች። ማህፀኗ አይወጣም። መውለድም አያግዳትም።

አሁን ይሄንን ከሌላው መንገድ ጋር አስተያዩት። የደም መፍሰስ ጀምሯት፣ ካንሰሩ ከማህፀን በር አልፎ ወጥቶ የምትመጣ ሴት የሚያስፈልጋት የጨረር ሕክምናና ኪሞ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁን ጅማን ጨምሮ ሌሎች ማዕከላት ሥራ ጀምረዋል፤ ያም ሆኖ ለአንዲት የገጠር እናት ይህ ማለት ከብት ሸጦ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ አስታማሚ ይዞ ሳምንታት መቆየት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚታመመው።

የአቼቶው ምርመራም ጉድለት አለው፣ አልደብቃችሁም። በሚያየው ሰው ዓይን ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንዷ ነጭ ያለችውን ሌላዋ ላታየው ትችላለች። ከማረጥ በኋላ ደግሞ ለውጡ የሚጀምርበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዓይን አይገኝም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት አሁን ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገውን የኤችፒቪ ዲኤንኤ ምርመራ የሚያስቀድመው። እዚያው ሕንድ፣ በኦስማናባድ ገጠሮች በ130,000 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት በ2009 እንዳሳየው፣ ይሄን ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ እንኳ ሞቱን ወደ ግማሽ አወረደው። ሌላው ጥቅሙ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ መውሰድ መቻሏ ነው። እንደ ጥጥ ያለ ዘንግ ይሰጣታል፣ መጋረጃ ውስጥ ገብታ ራሷ ወደ ብልቷ አስገብታ አዙራ ታወጣዋለች። ማንም አያያትም። በአገራችን «ወንድ ሐኪም ይሆን?» በሚለው ስጋት ብቻ የሚቀሩ እህቶች ምን ያህል እንደሆኑ ለምታውቁ፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ምርመራው ገና በየጤና ጣቢያው አልደረሰም፤ ከደረሰበት ቦታ ካላችሁ ግን እሱን ምረጡ። እስኪደርስ ብላችሁ ደግሞ ያለውን አትተዉ።

ኤችአይቪ በደማቸው ላለ እህቶቼ ለብቻ የምነግራችሁ አለኝ። እናንተ በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላችሁ ከሌላው ስድስት እጥፍ ነው። ቅድም ያልኩት የ15 እና 20 ዓመት ጊዜም ለእናንተ ያጥራል፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላው ከ30 ዓመት ሲጀምር እናንተ ከ25 ጀምሩ፣ ድግግሞሹም ቶሎ ቶሎ ነው። መድኃኒታችሁን ለመውሰድ ወደ ጤና ተቋም መሄዳችሁ አይቀርም፤ ያን ቀን «የማህፀን በር ምርመራዬ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላነሱላችሁ እናንተ አንሱት።

ወደ ልጆቻችን ልምጣ። ኢትዮጵያ የኤችፒቪ ክትባትን የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ በዓለም ላይ የክትባት እጥረት ስለነበር የተሰጠው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በተካሄደው ዘመቻ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ ተከፈተ፤ አንድ ጊዜ ብቻ በመከተብ። ብዙ ወላጆች «ሁለት የነበረው እንዴት አንድ ሆነ? አለቀባቸው እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አላለቀም። መልሱን የሰጠችን ጎረቤታችን ኬንያ ናት። እዚያ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባሉ 2,275 ወጣት ሴቶች ላይ በተሠራ ጥናት፣ አንድ ጊዜ መከተብ 16 እና 18 የተባሉትን ዓይነቶች በመከላከል ከ97 በመቶ በላይ ውጤታማ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ዶዝ በቂ ነው ብሎ ምክሩን አስተካከለ። ይሄ ለድሃ አገር ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት፤ በአንድ ልጅ ዋጋ ሁለት ልጅ መድረስ ነው፣ ትምህርት ያቋረጠችን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ፍለጋ መዞርም ቀረ። (ኤችአይቪ ላለባቸው ልጆች ግን አንድ አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ነው።)

ሩዋንዳ በ2011 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የኤችፒቪ ክትባት ስትጀምር «ይሄ የሀብታም አገር ክትባት ነው» የሚል ብዙ ነበር። በትምህርት ቤት ሰጡት፣ ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉትን የመንደር ጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት ፈለጓቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከታሰቡት ልጃገረዶች 93 በመቶው ሙሉ ክትባታቸውን ጨረሱ። ይህን ቁጥር ያላገኙ ሀብታም አገሮች ብዙ ናቸው።

«ክትባቱ መሃን ያደርጋል» የሚለው ወሬ እዚህም ደርሷል። ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ብቻ ነው፤ ንብ የሌለበት ቀፎ በሉት። ቫይረሱ ራሱ የለበትም፣ ሊራባም አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደህንነት ኮሚቴ በ2017 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ሲመረምር እስከዚያ ድረስ ከ270 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ተሰራጭቶ ነበር፤ ከመሃንነት ጋር የሚያያዝ ነገር አላገኘም። እንዲያውም ማህፀን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው። ልጆች ላይ የሚታየው ክንድ ላይ ህመምና እብጠት፣ ትንሽ ትኩሳት፣ አንዳንዴ በመርፌ ፍርሃት መዞር ነው። ለዚህ ነው ከተከተቡ በኋላ 15 ደቂቃ ተቀመጡ የሚባሉት።

ወሬ ምን እንደሚያደርግ ጃፓንን እዩ። በ2013 እ.ኤ.አ. በመገናኛ ብዙኃን በተነዛ ፍርሃት መንግሥት ክትባቱን ማበረታታት አቆመ። 70 በመቶ ያህል የነበረው ተከታቢ ከአንድ በመቶ በታች ወረደ። ስህተት መሆኑ ታውቆ ማበረታታቱ የተመለሰው በ2022 ነው። በዚያ መሃል ያደጉት ልጃገረዶች ሳይከተቡ ቀርተዋል። በሌላ በኩል እንግሊዝ ውስጥ በ12 እና 13 ዓመታቸው የተከተቡት ሴቶች አድገው ሲታዩ የማህፀን በር ካንሰር በ87 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ስኮትላንድ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ከተከተቡት መካከል አንዲትም የካንሰር ታማሚ አልተገኘችም።

አባቶች በብዛት የሚጠይቁኝ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ ገና 10 ዓመቷ ነው፣ ስለዚህ ነገር ምን አገናኛት?» ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ነው፣ የገባውን አያስወጣም። ኩፍኝን ልጁ ከመታመሙ በፊት እንደምታስከትቡት ነው። ደግሞም ክትባቱ ለግንኙነት ፈቃድ አይሰጥም፤ ስለ ፖሊዮ ሲከተቡ ፖሊዮ እንዲይዛቸው ፈቅደን አይደለምና።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ክትባቱ ዘመቻ አለው፣ ባነር አለው፣ በቴሌቪዥን ይነገራል። ዛሬ የተከተበችው የ10 ዓመት ልጅ ጥቅሙን የምታየው ከ20 እና 30 ዓመት በኋላ ነው። እጇን ይዛ ወደ ክትባቱ የወሰደቻት እናቷ ግን 35 ዓመቷ ነው፣ አልተከተበችም፣ ክትባቱም አሁን ብዙ አይጠቅማትም። እሷን የሚያድናት ምርመራ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያስቀመጠው ግብ ሁለቱንም ይዟል፦ በ2030 ከልጃገረዶች 90 በመቶው ይከተቡ፣ ከሴቶች 70 በመቶው በ35 እና በ45 ዓመታቸው ይመርመሩ፣ ችግር ከተገኘባቸው 90 በመቶው ይታከሙ። እኛ አገር በክትባቱ እየሮጥን ነው፤ ምርመራው ላይ ገና እየዳኸን ነው። እንደ እኔ ከሆነ ልጅ የሚከተብበት ቀን እናትም የምትመረመርበት ቀን ቢሆን ጥሩ ነበር።

ምርመራ የማይጠብቁ ምልክቶችንም ልንገራችሁ። ከግንኙነት በኋላ ደም ካየሽ፣ ከወር አበባ ውጪ የሚፈስ ደም ካለ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካለ፣ የማይለቅ የዳሌና የወገብ ህመም ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ። በተለይ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም! «የቀረው የወር አበባዬ ተመልሶልኝ፣ ልጅነቴ መጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» ያሉኝ እናት አሉ። ሰባት ወር እንደዚያ ሲያስቡ ቆይተው ነው የመጡት። የወር አበባ አንድ ዓመት ሙሉ ከቀረ በኋላ አይመለስም። እናታችሁ፣ አክስታችሁ፣ ሠራተኛችሁ እንዲህ ካለች በሳምንቱ ውስጥ ለሐኪም አሳዩዋት። ምክንያቱ ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ግን ሳይታይ አይታለፍም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፦ ለምርመራ የሚላክላችሁን ደብዳቤ ወይም መልዕክት «በኋላ እደውላለሁ» እያላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። እዚያ ያሉ እህቶች በቋንቋና በሥራ ብዛት ምክንያት እንደሚቀሩ በውስጥ መስመር ጽፋችሁልኛል። አስተርጓሚ ይጠየቃል፣ ሴት ባለሙያም ይጠየቃል።

ልትመረመሩ ያሰባችሁ እንዲህ ተዘጋጁ። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ አቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል «የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ትነግራችኋለች። የወር አበባ የሌለበትን ቀን ምረጡ። ለመውለድ የሚያስተኛው ዓይነት አልጋ ላይ ትተኛላችሁ፣ ማህፀን በሩን ለማየት መክፈቻ መሣሪያ ይገባል፤ ትንሽ ይጨንቃል፣ ግን ደቂቃዎች ነው። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም በቀዶ ጥገና ማህፀናችሁ ወጥቶ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከ50 በላይ ከሆናችሁ የኤችፒቪ ወይም የፓፕ ምርመራ ይሻላችኋልና እሱ የት እንዳለ ጠይቁ። ባሎችም፣ በዚያን ቀን ልጆቹን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ሰላም ነው ከተባላችሁ፣ በአቼቶው ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ በኤችፒቪ ምርመራ ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት በኋላ ይደገማል፤ ትክክለኛውን ጊዜ ያየችሽ ባለሙያ ትነግርሻለች። ውጤቱን በቃል ብቻ ሰምታችሁ አትውጡ፣ በወረቀት ተቀበሉ። ወረቀት ይጠፋልና ቀኑ በሚታይበት አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የሚቀጥለው ምርመራ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።